ያልተጣሉ ግማሾች

ጥር 6

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? እትዬስ ደህና ናቸው?

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። የመጀመሪያውን ያልመለስኩት ተናድጄ ነው፤ ሁለተኛውን ያልመለስኩት የመጀመሪያውን ባለመመለሴ አፍሬ። ይቅርታ። ስልክ ያልደወልኩት ግን በንዴት አይደለም። የሰፈሩ የስልክ ማማ ማዕድን ማውጫው ግቢ ውስጥ እንደቆመ እርስዎም ያውቃሉ። የምንነጋገረውን የሚሰማ አለ ብዬ አልምልም፤ የለም ብዬም አልምልም። የምናውቀው የከባድ መኪና ሹፌር ወረቀት ማመላለስ አልሰለቸውም፤ እስከዚያው በእሱ እንጻጻፍ።

የት እንደማድር ጠይቀውኛል። ከአንድ የመጽሐፍ ጥራዝ ቤት በላይ ያለች ክፍል ተከራይቻለሁ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ጠረጴዛውንም፣ በሩንም፣ መስኮቱንም በእጄ እነካለሁ። ሥራዬም እዚያው ታች ነው፤ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ እጠርዛለሁ። በኬሚስትሪ የተመረቀችው ልጅዎ የሌላውን ሰው ምርቃት በሙጫ ታጣብቃለች። ባለቤቷ ሴትዮ ደግ ናቸው። "ልጄ፣ ወረቀቱን እጠፊው እንጂ አታንቢው፤ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ነው" ይሉኛል። ምን ላድርግ፣ ስህተት አይቼ ሳላርም ማለፍ አልችልም።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስቦ "ልጅቷ ቀለበት አድርጋ ነው ናሙና የፈተሸችው፤ አገኘሁ ያለችው ወርቅ የራሷ ጣት ላይ ያለው ነው" ማለቱን ሰምተው፣ እውነት ነው ወይ ብለውኛል። ጋሼ፣ ያቃጠለኝ ይህን ከእርስዎ መስማቴ ነው። የቤተ ሙከራው በር ላይ "ቀለበት፣ ሰዓት፣ ሐብል አውልቁ" የሚለውን ማስታወቂያ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ወርቅ በሚፈተሽበት ክፍል ጣት ላይ ያለ ወርቅ ምን እንደሚያበላሽ ለእኔ ማን ይነግረኛል?

የሆነው ይኸው ነው። ኩባንያው ከተራራው የሚያወጣውን ጥቁር ዱቄት "መዳብ" ብሎ አስመዝግቦ ወደ ወደብ ይጭናል። እኛም የምንታዘዘው መዳቡን ብቻ እንድንለካ ነው። ኅዳር 22 ቀን ያልታዘዝኩትን ለካሁ። ናሙናውን በእሳት አነጠርኩት፤ ወርቅ አገኘሁበት። ጽፌ ለአለቃዬ ሰጠሁ። በሦስተኛው ቀን "ናሙና በመበከል" የሚል ደብዳቤ ይዤ በበሩ ወጣሁ። አምስት ዓመት ከሠራሁበት ግቢ ካፖርቴን እንኳ አላወጡልኝም።

አሁን ልለምንዎት ነው። የኩባንያው ውል ለሌላ ሃያ ዓመት ሊታደስ ተቃርቧል። የማዕድን ውሎችን የሚመረምረው ኮሚቴ አቤቱታዬን ተቀብሏል። እያንዳንዱ ናሙና ሁለት ቦታ ተከፍሎ ግማሹ ለፈተና፣ ግማሹ ታሽጎ ወደ እርስዎ መጋዘን እንደሚገባ ነገርኳቸው። "እንግዲያው የታሸገውን ግማሽ ከናሙና ጠባቂው ፊርማ ጋር እስከ የካቲት መጨረሻ አምጪ፤ በሌላ ቤተ ሙከራ እናስፈትሸዋለን። ካላመጣሽ ውሉ ይታደሳል" አሉኝ። በስምዎ የጻፉትን የጥያቄ ደብዳቤ ከነቅጹ አብሬ ልኬያለሁ።

ከእርስዎ የምፈልገው አንዲት ከረጢትና አንዲት ፊርማ ናት።

ልጅዎ


ጥር 21

ልጄ ቆንጥሬ፣

ደብዳቤሽን አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ጮክ ብዬ ለእትዬሽ አነበብኩት። እሷ "ሁሉ ነገር በእጅ ከደረሰ ጥሩ ክፍል ነው፤ መነሳት አያስፈልግም" ብላለች። ትንሽ ጉንፋን ይዟታል፤ ሌላ ወሬ የለም። ካፖርትሽን ከቤተ ሙከራው ማንጠልጠያ ላይ አውርጄ ወስጃለሁ። ዘበኛው "የማነው?" ሲለኝ "የልጄ" አልኩት፤ በሩን ከፈተልኝ።

ለሹፌሩ ደግሞ "ጋሼ ፈርተው እንደሆነ ጠይቅልኝ" ብለሽው ኖሯል። አዎ፣ ፈርቻለሁ። ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት ከአምስት ወር የቀረው ሰው ካልፈራ ጅል ነው። ቤቱ የኩባንያው ነው፤ አምፖሉ የኩባንያው፣ ክሊኒኩ የኩባንያው፣ በሩ ላይ ያለችው ውሻ እንኳ የምትበላው የኩባንያውን ትራፊ ነው። እኔ ወደዚህ ስመጣ ይዤ የመጣሁት ሚስቴንና ሁለት እጄን ነበር።

ደግሞም እኔ የጠየቅሁሽ ልክ ነሽ ወይ ብዬ አይደለም። ቀለበቱን አውልቀሽ ነበር ወይ ነው ያልኩሽ። አንቺ "ለእኔ ማን ይነግረኛል" ብለሽ መለስሽ። ልጅ ሳለሽም ስኳሩን ማን ጨረሰው ሲባል "እዚህ ቤት ስኳር ይቆጠራል እንዴ?" ትዪ ነበር። ያኔ ማን እንደጨረሰው በዚያው እናውቅ ነበር።

የመጋዘኑን ሕግ ታውቂዋለሽ። ዘጠና ቀን የሞላው ግማሽ ይጣላል። ያንቺ የካቲት 22 ይሞላዋል። እልካለሁ አላልኩሽም፤ አልልክም አላልኩሽም። ሠላሳ ዓመት ስፈርም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የአንዳንዱ ፊርማዬ መጨረሻ ምን እንደሆነ ካየሁ ወዲህ ግን እጄ ለመፈረም ያመነታል።

ብርዱን ተጠንቀቂ። ሙጫውም ሽታው ለደረት አይሆንም፤ መስኮት ክፈቺ።

አጎትሽ


የካቲት 3

ጋሼ፣

ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ተናድጃለሁ።

"ለመሆኑ አንቺ ምን ታገኚበታለሽ?" ብለው በሹፌሩ አስጠይቀውኛል። መልእክቱን ሲያደርስ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሹፌር አይጫንም።

ምን እንደማገኝበት ልንገርዎ። በመስኮትዎ ያዩት የነበረው ተራራ ዛሬ ጉድጓድ ነው። የት ሄደ? በመርከብ ሄደ። ሲሄድ ስሙ ድንጋይ ነበር። ሲመለስ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ስልክ፣ የክሊኒኩ ማሽን ሆኖ ይመለሳል፤ ያኔ ዋጋው አያስጠጋም። መሃል ላይ ምን ተጨመረበት? ትምህርት ቤት "እውቀት" ብለው አስተምረውኛል፤ እኔም አምኜ ጽፌ በጥሩ ውጤት አልፌያለሁ። ቤተ ሙከራ ገብቼ ሳየው ግን ከእውቀቱ ቀድሞ የሚጨመር ነገር አለ። ዱቄቱን ከኩባንያው የሚገዛው ድርጅት የኩባንያው የገዛ እህት ናት፤ አንድ ደሴት ላይ የተመዘገበች የፖስታ ሳጥን። ሻጩና ገዢው አንድ ሲሆኑ ዋጋ የሚባለው ነገር ሰው ከመስታወት ጋር የሚከራከረው ክርክር ነው። መዳቡን በርካሽ ለራሱ ይሸጣል፤ ወርቁን ደግሞ ከነጭራሹ ስሙን አይጠራውም። ከዚያ ለመንግሥት "እዚህ ትርፍ የለኝም" ይላል። እዚህማ ከየት ይምጣ፤ ትርፉ የተወለደው ደሴቱ ላይ ነው። መንግሥት ደግሞ ቧንቧ ለመዘርጋት ገንዘብ ሲያጣ ይበደራል። ከማን? ወርቁ ከሄደበት አገር። ከራሳችን ተራራ ተበድረን ወለድ እንከፍላለን።

ድሃ አገር ነን ይሉናል። ከድሃ ቤት በቀን ሃምሳ ከባድ መኪና ጭኖ ይወጣል እንዴ? ከሠራተኛው ሰፈር ማዶ ያሉትን ሰዎች ያስቧቸው። የከፍተኛ ኃይሉ መስመር በጣሪያቸው ላይ እየጮኸ ያልፋል፤ እነሱ ከታች በሻማ ይኖራሉ። ወንዙ ከቀላ ጀምሮ ውሃ በጀሪካን ይገዛሉ። ይህ ዕድል አይደለም፤ የተፈረመበት ነገር ነው። የፈረሙት ሰዎችም ክፉዎች አልነበሩም። አብዛኞቹ ጡረታቸውን የሚጠብቁ ጨዋ ሰዎች ነበሩ።

ልክ ነው፣ እርስዎን ማለቴ ነው። ሠላሳ ዓመት አንድ ከረጢት አልጠፋብዎትም፤ ታማኝነት ይሉታል። እኔ ደግሞ ለሌባ በር የሚከፍት ጨዋነት እለዋለሁ። እናቴ ስትሞት "ወንድሜ አደራ አይበላም" ብላ ነው ለእርስዎ የሰጠችኝ። የማንን አደራ እየጠበቁ እንደሆነ ግን ጠይቀው አያውቁም።

የካቲት 22 ሩቅ አይደለም።

ልጅዎ


የካቲት 11

ጋሼዬ፣

ይህን ደብዳቤ ያለፈውን ከማንበብዎ በፊት ቢያነቡት ደስ ባለኝ፤ ግን ያንን አንብበውታል።

ሹፌሩን "እትዬ ጉንፋኑ ተሻላቸው?" አልኩት። ፊቱን አዙሮ ወደ መኪናው ሄደ። ሙጫ በእጄ እንደያዝኩ ተከትዬው እስከ መኪናው ሄድኩና መሪውን ያዝኩበት። "አንቺ ልጅ፣ አልነግርም ብዬ ምያለሁ እኮ" አለኝ። "እንግዲያው ሳትነግረኝ ራስህን ነቅንቅ" አልኩት። ሳንባቸው ነው? ነቀነቀ። አቧራው ነው? ነቀነቀ። ኦክስጅን ላይ ናቸው? ራሱን መነቅነቁን ትቶ እጄን ከመሪው ላይ ቀስ አድርጎ አነሳው።

በሳምንት አራት ቀን በኩባንያው ክሊኒክ፣ በኩባንያው ሲሊንደር እንደሚተነፍሱ አላውቅም ነበር። አሁን ገባኝ። እኔ አንዲት ፊርማ ብዬ የጠየቅሁዎት የእሳቸውን ትንፋሽ ኖሯል። እርስዎም ያንን መናገር ሲችሉ "ፈርቻለሁ" ብለው ስድቡን ለራስዎ ወሰዱት።

እንዲህ ካደረጉ ሰው ጋር መደባበቅ አልችልም። ጋሼ፣ ቀለበቱን አላወለቅሁም።

የእህትዎ ቀለበት ነው፤ ሌላ ቀለበት የለኝም። የምድጃው ሙቀት ጣቴን አሳብጦት ነበር። በሳሙና ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። ምድጃውን ብቻዬን የማገኘው የዚያን ቀን ብቻ ነበር፤ ሌላው የቤተ ሙከራ ፈታሽ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ከላይ ጓንት አጠለቅሁና "ጓንት አለ" አልኩ ለራሴ። ናሙናውን ፈጭቼ ስጨርስ ጓንቱ ልክ በቀለበቱ በኩል ተቀዶ አየሁት። ሌላ ሰው አድርጎት ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን ፊቱ ላይ የምቀድበት እኔ ነበርኩ። በሩ ላይ ማስታወቂያ የለጠፍኩት እኔ።

ስለዚህ ያገኘሁት ወርቅ ከተራራው ይሁን ከእህትዎ ጣት በእርግጥ አላውቅም። ከተራራው ይመስለኛል። "ይመስለኛል" ግን ኮሚቴ ፊት አይቆምም። ግማሹ ተፈትሾ ባዶ ከሆነ እኔ ውሸታም እባላለሁ፤ እሱን እችለዋለሁ። እርስዎ ግን ቤት አልባ፣ እትዬ ያለ ኦክስጅን ትቀራላችሁ። ይህን ሳልነግርዎ ፊርማዎን መጠየቄ ኩባንያው በተራራው ላይ ከሠራው የሚለየው በመጠኑ ብቻ ነው።

ከእንግዲህ አልለምንዎትም። የካቲት 22 ቢጥሉት አልቀየምዎትም።

ይቅርታ የምጠይቀው በር ስለሚከፍተው ጨዋ ስለጻፍኩት ነው። ስለ ፖስታ ሳጥኑ ስለጻፍኩት ግን ይቅርታ አልጠይቅም፤ እሱ እውነት ነው።

ልጅዎ


የካቲት 19

ልጄ፣

"እትዬ ሰምተዋል ወይ?" ብለሽ በሹፌሩ ጠይቀሻል። ሰምታለች። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ አነበብኩላት። የኦክስጅኑን ጭምብል አነሳችና "ጣቷ አብጦ ነበር? ታዲያ ዘይት አይሻልም ነበር?" አለች። ከዚያ ሳቀች። ከዚያ ሳለች። ከዚያ ደግሞ "በል አንተ ሰውዬ፣ ሳጥኑን አውጣው" አለችኝ።

የምን ሳጥን ትዪ ይሆናል።

የየካቲት 3 ደብዳቤሽ ሁለት ቀን ምግብ ከልክሎኛል። ስምሽን ቆንጥር ያልኩሽ እኔው ነኝ፤ ሲወጋ ማንን ልክሰስ? ቀለበቱን ግን አውቄ ነበር። የስኳሩን ልጅ እኔ ነኝ ያሳደግሁት። የማላውቀው ትነግሪኛለሽ ወይስ አትነግሪኝም የሚለውን ነበር። በዚያ ላይ የኖርኩበትን ጭንቀት ልነግርሽ አልችልም፤ ስላልነገርሽኝ ብቻ እምቢ ልልሽ ቆርጬ ነበር።

እኔም የደበቅሁሽ አለ። ሥራ አስኪያጁ ያንቺን ግማሽ ዘጠና ቀኑ ሳይሞላ እንድጥለው በታኅሣሥ አዝዞኛል። በጥር ያልጻፍኩልሽ፣ ብትሰሚ በሚቀጥለው መኪና መጥተሽ ግቢውን ታፈርሺው ነበር ብዬ ነው። ትእዛዙን ከሰማሁ ጀምሮ ግን አንድ ነገር ከራሴ አልወጣ አለ። ወርቁ የጣትሽ ከሆነ፣ ግማሹ ባዶ ነው። ባዶ ከሆነ፣ እነሱ ራሳቸው ሮጠው ወስደው ማስፈተሽና አንቺን ማዋረድ ነበረባቸው። ሰው ባዶ ከረጢት ይፈራል?

አሁን ሳጥኑ። ያንቺን አንዱን ግማሽ ብቻ ብልክልሽ ነገሩ ሁሉ የአንቺ ጣት ክርክር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሹፌሩ የሚያስረክብሽ አርባ አንድ ከረጢት ነው። አንዱ ያንቺ ነው። አርባዎቹ ላለፉት አስር ዓመታት በየሦስት ወሩ አንዳንድ እያልኩ ያስቀረኋቸው ናቸው። ሁሉም እንደታሸጉ ናቸው፤ የኩባንያው የራሱ ማኅተም አለባቸው። አንዱንም አንቺ አልነካሽውም፤ ግማሾቹ ሲታሸጉ እንዲያውም ገና ተማሪ ነበርሽ።

በሕጉ መጣል ነበረባቸው። "ተጥሏል" ብዬም አርባ ጊዜ ፈርሜያለሁ። አንቺ ስለ አንድ ቀዳዳ ጓንት ታለቅሻለሽ፤ አጎትሽ አርባ ጊዜ ዋሽቶ ተኝቷል። የተኛውም እላያቸው ላይ ነው፤ ከመኝታችን ስር ነበሩ። አስር ዓመት ሙሉ በወርቅ ላይ ተኝተን ያተረፍነው የወገብ ሕመም ነው ብላት እትዬሽ አሁንም ሳቀች።

አሁን ደግሞ አልጣልኳቸውም ብዬ ፈርሜ ለእያንዳንዱ ከረጢት የኮሚቴውን ቅጽ ሞልቼልሻለሁ። ይህ ሲታወቅ ቤቱን እንለቃለን። እቃችንን አስረናል። የሹፌሩ እናት "ለኔ ደግሞ ጎረቤት ጠፍቶ ነበር" ብለው ክፍል አዘጋጅተውልናል። ስለ እትዬሽ አትጨነቂ አልልሽም፤ ተጨነቂና ሐኪም ፈልጊ።

አጎትሽ


መጋቢት 28

ይድረስ ለጋሼና ለእትዬ፣

በመጀመሪያ ትልቁ ወሬ። በሕዝብ ሆስፒታሉ የሳንባ ክፍል ለእትዬ ተራ ተገኝቷል። አራት ቀን ተሰልፌ ነው፤ በአራተኛው ቀን የጥራዝ ቤቷ ባለቤት ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው ተኩኝ። ሲሊንደርም የሚያከራይ ሰው አግኝቻለሁ፤ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ የሚሸከምልን እስካሁን አላገኘሁም። ሐሙስ በሹፌሩ መኪና ኑ። አልጋው ለሁለታችሁ ነው፤ እኔ ታች ወረቀቱ መሃል እተኛለሁ፤ ሞክሬዋለሁ፣ ይሞቃል።

"ስንቱ?" ብለው በአንዲት ቃል ጽፈውልኛል። ከአርባዎቹ ሠላሳ ሰባቱ ወርቅ አላቸው።

አርባ አንደኛውም አለው። ግን እኔ ከጻፍኩት በሲሶ ያንሳል። ሲሶው የእናቴ ነበር። ውጤቱ በተነበበበት ቀን እጄን አወጣሁና ሰው ሳይጠይቀኝ ራሴ ተናገርኩት፤ ቀለበቱንም፣ ጓንቱንም። የኩባንያው ጠበቃ ፈገግ አለ። "ክቡር ሰብሳቢ፣ እንግዲህ በራሷ አንደበት ስህተቷን አምናለች" አለ።

"አምኛለሁ" አልኩት። "እናንተስ? ሠላሳ ሰባት ጊዜ ጣታችሁ አብጦ ነበር?"

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

በሐሰት ደስ አላሰኝዎትም። ውሉ አልታደሰም፤ አልተሰረዘምም። ያለፈው ጭነት በሙሉ እስኪመረመር ይቆይ ተብሏል። ወደ ሥራዬ አልተመለስኩም፤ ማንም ይቅርታ አልጠየቀኝም። መኪኖቹም ዛሬ እየጫኑ ነው። ልዩነቱ አሁን ወደብ ላይ ሁለት ዓይነት ልኬት ይደረጋል፣ የመዳብም የወርቅም፤ ያልታዘዘው ታዝዟል። ትንሽ ናት፤ ግን ደሴቱ ላይ ያለውን ሰው አንድ ሳምንት እንቅልፍ እንደነሳችው ተስፋ አደርጋለሁ።

ጸጸትዎን ለሹፌሩ ነግረውት ነግሮኛል፤ "አርባ ጊዜ የዋሸሁትን ምን ብለው ተቀበሉት?" ብለዋል። የሆነውን ልንገርዎ።

ሰብሳቢው ጠና ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ረስቶ የሚፈልግ ሰው ነው። የሞሉትን ቅጽ አንድ በአንድ እያገላበጠ መጨረሻው ክፍት ቦታ ላይ ቆመ፤ "ናሙናው በጊዜው ያልተጣለበት ምክንያት" የሚለው ላይ። አንዱን አየ። ቀጥሎ ያለውን አየ። አሥር ያህል አገላበጠ። ሁሉም ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለው። ለክፍሉ ጮክ ብሎ አነበበው።

"ባለቤቱ ስላልመጣ።"

ጠበቃው "ባለቤቱማ ኩባንያው ነው" ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው፤ ምን ሊከተል እንደሚችል የገባው መሰለኝ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። "ባለቤቱ ማን ማለታቸው ነው?" አለኝ።

እርስዎ ቢሆኑ በትሕትና ይመልሱ ነበር። ይቅርታዎን፣ እኔ አልቻልኩም። "ይህ የመጀመሪያው ውል ሳይፈረም መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ነው" አልኩት። "ዛሬም ግን አልመሸም። ከተራራው ስር የሚኖሩትን ሰዎች ይጥሩና ይጠይቋቸው። ውሃ በጀሪካን የሚገዙትን።"

ያስወጣኛል ብዬ በሩን አየሁት። ሰብሳቢው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገ፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ፣ አዲስ ወረቀት ከፊቱ ዘረጋ።

"ስማቸውን ንገሪኝ" አለኝ። "ቀስ ብለሽ፤ አንድ በአንድ።"

ልጃችሁ